በበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ

«ዝጊው።»

ራዲዮ አልሰማችም። በአንድ እጇ የአግዳሚውን እግር ደግፋ በሌላው በብርጭቆ ወረቀት እያሸች፣ ቅዳሜ ብቻዋን የምትዘምረውን ክፍል ታንጎራጉራለች። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ደርሳለች፤ እዚያ ደርሶ ማቆም ደግሞ የመጣ ማስነጠስን እንደ መዋጥ ነው።

«ራዲዮ። ዝጊው አልኩሽ።»

ራዲዮ የክርስትና ስሟ እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው። ስሙን ያወጣላት ይኸው «ዝጊው» የሚላት አናጢ አጎቷ ነው፤ ጠዋት ዓይኗን ከገለጠችበት ጊዜ አንስቶ እስክትተኛ ድረስ አፏ ስለማያርፍ። «ድምፁን ቀንሺው»፣ «ጣቢያ ቀይሪ»፣ «የዚች ልጅ ባትሪ አያልቅም እንዴ?» እያለ ሲያሾፍባት ኖሯል። «ዝጊው» ማለትም ከነዚያ ቀልዶች አንዱ ነበር። ዛሬ ግን ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ቀና ብላ አየችው። የኮላውን ብሩሽ እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ እሷ ዞሯል እንጂ እሷን የሚያይ አይመስልም። ከዚያ ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ ጣል አድርጎ፣ እጁን በሽርጡ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወጣ። የግቢው የብረት በር ሲዘጋ ተሰማት።

ራዲዮ ክው አለች። አጎቷ ኮላ የነካ እንጨት ጥሎ አይሄድም። ስልክ ቢጮህ አያነሳም፤ እናቷ ምሳው ቀዘቀዘ ብላ ደጋግማ ብትጠራው እንኳ «ኮላ አይጠብቅም» ይላታል። አሁን ኮላ የተቀባው እግር እዚያው ተጋድሞ ቀርቷል። ሌላ ምን ታድርግ? እግሩን ቀዳዳው ውስጥ ሰክታ፣ በመዶሻው መታ መታ አድርጋ፣ እንጨቱን ቆንጥጦ የሚይዘውን ሞርሳ አጠበቀችው። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ያጠብቃል። እሷ እንደምንም ብቻዋን ጨረሰችው።

አግዳሚው የሰፈሩ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። የቁምስናው አግዳሚ ወንበሮች አርጅተው እግራቸው ሲላቀቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በጋሪ እየጫኑ ወደ አጎቷ ወርክሾፕ ያመጧቸዋል። ተጠግነው ሲያልቁ ደግሞ አጎቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ያደርሳቸዋል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው የዘበኛው ሥራ ነው። አጎቷ ያንን በር አያልፍም። ራዲዮ ክርስትና የተነሳች ዕለት እንኳ ውጪ ቆሞ ነው የጠበቃት። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቀው «እኔ እንጨት እንጂ ጸሎት አልችልም» ይላል፤ ጠያቂውም ስቆ ያልፋል።

ምክንያቱ የታወቀው ባለፈው ዓመት ነው። ጳጳሱ ራሳቸው መጥተው በእሁድ ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ፊት ቆሙ። ከብዙ ዓመታት በፊት በዚህ ቁምስና የመዘምራን አስተማሪ የነበረ ሰው ሕፃናትን ይጎዳ እንደነበር፣ በጊዜው ይህንን ለመናገር የሞከሩም ሰሚ እንዳጡ ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል። ራዲዮ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ጸጥታውንና የእናቷን እጅ ነው፤ እናቷ እጇን ጨብጣ ጣቷ እስኪደነዝዝ አልለቀቀቻትም።

የዚያን ዕለት እናቷና አጎቷ ወርክሾፑ ውስጥ ቁጭ ብለው ብዙ አወሩ። እናቷ ታላቅ እህቱ ናት፤ ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። በማግስቱ ለራዲዮ የነገረቻት ግን በጣም አጭር ነበር።

«ልጅ ሳለ ያ ሰውዬ ጎድቶታል። በልጅ ገላ ላይ መደረግ የሌለበትን ነገር አድርጎበታል። ወደ ልምምድ የምልከው ደግሞ እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ ፊቷን አዙራ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። ዕቃው ታጥቦ ያለቀ ነበር።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ቁምስናው በዚያ ሰው ለተጎዱትና ለቤተሰቦቻቸው የጸሎት ጊዜ አዘጋጅቷል። የመዘምራኑ ኃላፊ ሲስተር ከሁሉ የሚወደደውን የመባ መዝሙር መርጠዋል። በዚህ ቁምስና ከሠርግ እስከ ቀብር ያ መዝሙር ያልተዘመረበት ቀን የለም። ማን እንደደረሰው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ከድሮ የመጣ ነው» ይላል። መሐሉ ላይ አንድ ድምፅ ብቻውን የሚወጣበት ክፍል አለ። ያ ክፍል ባለፈው እሁድ ለራዲዮ ተሰጠ፤ በሕይወቷ የመጀመሪያ ሶሎዋ ነው። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች፤ ዳቦ ሻጯ ሳትቀር ታውቃለች።

ከሶሎው የሚበልጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አጎቷ «ቅዳሜ ና» ሲባል እንደ ወትሮው አልመጣም አላለም። «አያለሁ» አለ። አንዲት ቃል ናት፤ ግን እናቷ ያቺን ቃል ይዛ ከርማለች።

ማታ አጎቷ እራት ላይ አልተገኘም።

«ምን አልሽው?» አለች እናቷ።

«ምንም። የቅዳሜውን እያንጎራጎርኩ ነበር።»

«ሆዱ ባብቶ ነው እንግዲህ። ደስ ብሎት ነው።»

«እማዬ፣ ደስ ያለው አይመስልም።»

«አንድ ጊዜ ይግባ ብቻ። ገብቶ ይጸልይ፣ ይቅር ይበለው፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይለቀዋል።»

ይለቀዋል ስትል የጠረጴዛ ልብስ ላይ ስለፈሰሰ ወጥ የምታወራ ትመስል ነበር። ራዲዮ ግን የአጎቷን ፊት አይታለች፤ ያ ፊት የሚለቅ ነገር ያለበት ፊት አልነበረም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወርክሾፑ ገባች። አጎቷ አግዳሚውን መሬት ላይ አቁሞ በእጁ ይጫነዋል። አግዳሚው ቀጭ፣ ቋ ይላል።

«ማነው ያጠበቀው?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ሄድክ እኮ።»

አጎቷ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «ልክ ነሽ» አለ። «ሄድኩ።»

«መዝሙሩ ነው?»

ከመመለሱ በፊት ተነስቶ የወርክሾፑን በር ገፋ አደረገው። በሩ ክፍት ነበር፤ ይበልጥ ከፈተው። ብርድ ቢሆን ዝናብ ቢሆን አጎቷ በር አያዘጋም። ራዲዮ እስከዛሬ ለቫርኒሹ ሽታ ብሎ ይመስላት ነበር።

«ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ?»

«ማንም አያውቅም። ከድሮ የመጣ ነው ይባላል።»

«ከድሮ አልመጣም። ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ክፍል ነው የመጣው። እሱ ነው የሠራው። ኦርጋኑ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሠራው እኛ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመን ነበር። ‹ከድሮ የመጣ ነው በሉ› አለን። ትሑት መባል ይወድ ነበር።»

ራዲዮ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ያንን ሶሎ መጀመሪያ የዘመርኩት እኔ ነኝ» አለ አጎቷ። «ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔ እቀር ነበር። ‹አንተ ልምምድ ይቀርሃል› ይለኛል።»

እዚህ ላይ አቆመ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ራዲዮም አልጠየቀችም። ከእሁድ ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ ጆሮው ሥር፣ ያንኑ ስታንቆረቁርበት ከርማለች።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ። ሌላውን ክፍል እንደምንም እችለዋለሁ። ያቺ ቦታ ስትመጣ ግን…» እጁን ወደ በሩ ወረወረው። እንዲህ ነው የሚያደርገኝ፣ እዚያ ነው የሚያወጣኝ ለማለት።

«ለሲስተር እነግራቸዋለሁ። ይቀይሩታል።»

«ማን ነገረሽ ሲሉሽስ?»

ራዲዮ የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለ። «ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ አልፈልግም። መዝሙሩን ዘምሪው፤ አሁን ያንቺ ነው። እኔ አልመጣም፣ በቃ። ድሮስ መቼ ሄጄ አውቃለሁ?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። አንጀቷን የበላው ያ ሙከራው ነው።

«እሺ» አለችው። «አልናገርም።»

ቃል መግባት ቀላል ነው፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሐሙስ ልምምድ ላይ ከመዘምራኑ መሐል ቆማ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ብትዘምር አጎቷ አይመጣም። አልዘምርም ብትል ለምን ትባላለች። ብትናገር ደግሞ ቃሏን በላች። ከሁሉ የሚያሳፍራት ሶሎውን አሁንም መፈለጓ ነበር። ያንን መዝሙር ጠልታዋለች፤ ብቻዋን ቆማ የምትዘምርባትን ያችን ደቂቃ ግን አልጠላችም። ሁለቱ እንዴት አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ ለራሷም አልገባትም።

ተራዋ ደረሰ። ሌላው ድምፅ ዝቅ አለላት። አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም።

«እንደገና» አሉ ሲስተር።

እንደገናም ምንም አልወጣም።

«ሲስተር፣ ሌላ መዝሙር ብንዘምርስ?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ ልጅ «አሁን? ከነገ ወዲያ እኮ ነው» አለ። አጠገቧ የቆመችው የልብ ጓደኛዋ፣ ሁሉም በጉንጯ ምክንያት ጉንጮ የሚሏት፣ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ኧረ አታካብጂ። ፈርተሽ ነው። ውሃ ጠጪና ቀጥዪ።»

«አልፈራሁም።»

«ታዲያ ምንድነው? ካልፈለግሽው እኔ አለሁልሽ።»

ራዲዮ ደሟ ፈላ። «አጎቴ» የሚለው ቃል እስከ ጥርሷ ደረሰ። እዚያው ነክሳ መለሰችው።

ሲስተር ልምምዱን በጊዜ አበቁና «አንቺ ትንሽ ቆዪ» አሏት። ጉንጮንም «እዚያ ዛፉ ሥር ጠብቂያት» ብለው፣ ራዲዮን ከአዳራሹ አውጥተው ደረጃው ላይ አስቀመጧት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደንቡ ይህ ነው፤ አዋቂና ልጅ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ነው የሚነጋገሩት። ልጆቹ በደንቡ ይቀልዱበት ነበር፤ ብርድ ላይ ሊያስቀምጡን ነው እያሉ። ዛሬ ራዲዮ አልቀለደችም። አጎቷ ልጅ ሳለ ይህ ደንብ ቢኖር ኖሮ ብላ አሰበች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ሲስተር። «አንቺን የነካሽ ወይም ያስፈራራሽ ሰው አለ?»

«የለም ሲስተር። እኔን ማንም አልነካኝም።»

«ቢኖር ላለመናገር ቃል ገብቻለሁ ብለሽ እንዳትደብቂ። እንዲህ ያለ ቃል አያስርም። የሌላ፣ የትልቅ ሰው ጉዳይ ከሆነ ግን ባለቤቱ እሱ ነው። እኔ ከአንቺ አልጎትተውም።»

ራዲዮ የጫማዋን ክር ፈታች፣ መልሳ አሰረች።

«ሲስተር፣ መዝሙሩን ማን መረጠው?»

«እኔ።»

«ለቅዳሜ የሚመጡትን ሰዎች ጠየቃችኋቸው? የተጎዱትን። ምን እንደሚፈልጉ?»

ዘበኛው ማዶ ቅጠል ይጠርጋሉ፤ ሲስተር መጥረጊያውን በዓይናቸው ተከተሉት።

«አልጠየቅንም» አሉ በመጨረሻ። «ወንበር አስጠገንን፣ አበባ አዘዝን፣ መዝሙር መረጥን። እንዳናሳቅቃቸው ብለን ይመስለኛል። ወይም መልሱን ፈርተን።» ወደ እሷ ዞሩ። «የምታውቂው ሰው ካለ፣ ሲስተር መስማት ይፈልጋሉ በይው። ስሙን አልጠይቅሽም። ካልፈለገም መብቱ ነው። አንቺን ከከበደሽ ግን ተይው፤ ይህ የእኛ የአዋቂዎቹ ሥራ ነው።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ጉንጮ መንገዱን ሙሉ ጎተጎተቻት።

«ለኔም አትነግሪኝም?»

«ላንቺም።»

«በቃ ተዘጋጋን።»

ጉንጮ አኮረፈች። ኩርፊያዋ እስከ ፋርማሲው ጥግ ቆየ። እዚያ ሲደርሱ ከኪሷ ማስቲካ አውጥታ ገምሳ ሰጠቻት። «ሶሎሽን ደግሞ አልፈልገውም» አለች። «ስቀልድ ነው። ግማሽ ቀልድ።» ራዲዮ አጎቷ «ዝጊው» ካላት ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አጎቷ መላጊያውን ይዞ ሰጋቱራ ውስጥ ቆሟል። ገና ስትገባ ገባው።

«ነገርሻቸው?»

«ስምህን አልጠራሁም። አንተን የሚመለከት ምንም አላልኩም። ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው።»

«ምን ብለሽ?»

«የተጎዱትን ሰዎች ምን ትፈልጋላችሁ ብላችሁ ጠይቃችኋል ወይ ብዬ። አልጠየቅንም አሉኝ። መስማት እፈልጋለሁ አሉ። እና አጎቴ… እኔም ጠይቄህ አላውቅም። እማዬም። ና ነው እንጂ የምንልህ፣ ምን ቢሆንልህ ትመጣለህ ያለህ የለም።»

አጎቷ ወደ ሥራው ዞረ። መላጊያው እንጨቱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። ራዲዮ ተቆጥቷል ብላ ለመውጣት ስትነሳ ድምፁን ሰማች።

«በሩ።»

«ምን?»

«በሩ ክፍት ይሁን። እስከ መጨረሻው። ንፋስ ገባ፣ ብርድ ገባ ብሎ ማንም እንዳይዘጋው።»

መላጊያው እንደገና ሄደና ቆመ።

«ሰላም ተባባሉ ሲባል ሴቶቹ ያቅፋሉ። ክፋት የላቸውም። እኔን ግን እንዳያቅፉኝ። ደግሞ ይቅር በል የሚለኝ ሰው አልፈልግም። ይቅር የምል ከሆነ ቀኑን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«መዝሙሩስ?»

«እሱ አይዘመር።» ይህን ካለ በኋላ ነው ቀና ብሎ ያያት። «ሶሎሽ ነው እኮ። ያናድድሻል?»

«በጣም» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልትደብቀው አልሞከረችም። «ባንተ ግን አይደለም።»

አጎቷ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ሄደሽ እነግራቸዋለሁ እንዳትዪ» አላት። «እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ ተሸክማው አትሄድም። እኔ በልጅነቴ የተሸከምኩት ይበቃል። እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ዓርብ ዕለት ከትምህርት በኋላ አብራው ሄደች፤ እሱ ግን ማዶ ካለው ሱቅ በር ላይ እንድትቆይ ነገራት። አጥሩ በር ላይ ቆሞ ሲስተርን አስጠራ። ሲስተር ከውስጥ መጡ፣ እሱ ውጪ እንደቆመ አዩ፤ ከዚያ እሳቸው በሩን አልፈው ወጡ። ምን እንደተባባሉ ራዲዮ አልሰማችም። ያየችው አጎቷ ሲናገር፣ ሲያቆም፣ እንደገና ሲናገር ነው። ሲስተር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይሰማሉ። አንድ ጊዜ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ እጃቸው ወደ እሱ ትከሻ ግን አልሄደም።

ማታ ለእናቷ የነገራት ራሱ ነው።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ተነስና ዘምርላቸው እልህ ነበር» አለች እናቷ።

«አላወቅሽም እኮ።»

«አላወቅሁም» አለች። ለሱ ደግሞ «ነገ ና» አላለችውም። ሻዩን ቀድታ አጠገቡ አኖረችለት።

ቅዳሜ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ሁለቱም የበር ክንፎች ወለል ብለው ተከፍተው፣ ከሥራቸው ድንጋይ ተደርጎላቸዋል። ሰው ብዙ አልነበረም። ብዙ ሰው እንዲሆንም የተፈለገ አይመስልም። ኦርጋኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። መዘምራኑ በረድፋቸው ቆመዋል፤ ዛሬ ያላቸው ሥራ በስተመጨረሻ ሁሉም በአንድነት የሚለው አንድ አጭር የመዝሙረ ዳዊት ዜማ ብቻ ነው። ሲስተር ሶሎው መቅረቱን ሲነግሯቸው ምክንያት አልሰጡም። ጉንጮም አልጠየቀችም፤ ለጉንጮ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የቁምስናው ካህን አባ ወደ ፊት መጡ። ወረቀት አልያዙም።

«በሩ እስከ መጨረሻው ክፍት ነው» አሉ። «መውጣት የፈለገ ይወጣል፤ መመለስ የፈለገ ይመለሳል። ሰላም ስንባባል ከቦታችን ሳንነሳ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ብቻ ነው። ዛሬ ማንም ሰው ማንንም ይቅር በል አይልም። ይቅርታ ጠያቂዎቹ እኛ ነን።»

ራዲዮ ቃላቱን አወቀቻቸው። ከሰጋቱራው መሐል የወጡ ናቸው። ባለቤታቸው ግን አልነበረም። እናቷ ከፊት ለፊት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ ወደ በሩ አላየችም፤ እንዳታይ ምን ያህል እንደታገለች ከአንገቷ ያስታውቃል። ጸጥታው ተጀመረ። ራዲዮ «ላትመጣ ትችላለህ፣ መብትህ ነው» እያለች አጎቷን በልቧ ታወራው ጀመር።

ከዚያ በክፍቱ በር በኩል ጋሪው ታያት።

አጎቷ አጥሩ በር ላይ ቆሟል። አግዳሚው ጋሪው ላይ ነው። እንደ ወትሮው ዘበኛው ወጥተው ቢቀበሉት ኖሮ አራግፎ ይመለስ ነበር፤ ዘበኛው ግን ዛሬ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ ተቀምጠው ይጸልያሉ። አጎቷ አግዳሚውን በአንድ ጫፍ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። የሁለት ሰው ሸክም ነው።

ራዲዮ ከረድፉ ወጣች።

«የት ነው?» አለች ጉንጮ በሹክሹክታ።

«ቦታዬን ያዢልኝ።»

በመተላለፊያው መሐል ስትሄድ ጫማዋ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሰው ሁሉ እንዳያት ታውቃለች። ይዩኝ አለች በልቧ፤ እኔን ካዩ እሱን አያዩም።

«ያዢልኝ» አላት አጎቷ ስትደርስ።

«በየት በኩል?»

«በጠማማው።»

እሷ ብቻዋን ያጠበቀችውን እግር አላስተካከለውም ማለት ነው። አነሱት። አጥሩ በር ላይ ሲደርሱ ቆመ። ና፣ አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው፤ ይህ ሁሉ አፏ ላይ መጣ። አንዱንም አላወጣችውም። አግዳሚውን ይዛ ቆመች፤ ክንዷ እስኪዝል።

«እሺ» አለ አጎቷ። ለእሷ አልነበረም።

ግቢውን አቋርጠው፣ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ከበሩ በስተውስጥ፣ ግድግዳውን አስጠግተው አስቀመጡት። አግዳሚው ቋ አለ። አጎቷ ከኪሱ የተላገች ትንሽ ሽብልቅ አውጥቶ ከጠማማው እግር ሥር ሻጥ አደረጋትና ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ መሠዊያው፣ በስተቀኙ ክፍቱ በር። አባ ከሩቅ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉለት። እሱም ዝቅ አደረገ።

ሲስተር እጃቸውን አነሱ፤ መዘምራኑ ሊጀምሩ ነው። ጉንጮ አጠገቧ ያለውን ክፍት ቦታ በእጇ ከልላ ወደ ራዲዮ ታያለች።

«ሂጂ» አለ አጎቷ ቀስ ብሎ። «ይጠብቁሻል።»

«ዛሬ ባትሪ የለም» አለችው።

የአጎቷ ከንፈር በአንድ በኩል ከፍ አለ። ራዲዮ በአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ልትቀመጥ ስትል ንፋስ ገባ። ከበሩ ክንፍ ሥር የነበረው ድንጋይ ተንሸራተተና በሩ ሲጢጥ እያለ መዘጋት ጀመረ። የአጎቷ እጅ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨመደደ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ ብርዱን ፈርተው ነው መሰል በሩን ሊገጥሙት ብድግ አሉ።

ራዲዮ ቀደመቻቸው። በሩን መልሳ እስከ ግድግዳው ገፋችው፤ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። ሴትዮዋ አዩዋት፣ ወደ አጎቷም አዩ፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ።

መዘምራኑ ጀመሩ። ዜማውን ከነቃሉ ታውቀዋለች። እንጨቱ ጀርባዋን ይቀዘቅዛታል፤ ንፋሱም በጎን ይመታታል። አጎቷ እጁን ከአግዳሚው ጠርዝ ላይ አነሳና ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ራዲዮ ጸሎቱ እስኪያልቅ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።